የጉራቻ ዋስ

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ውስጥ በየማታው ችሎት ይቀመጥ ነበር። ዳኛው የእናቴ አባት አባባ ቶሎሳ ነበሩ፤ ተከሳሾቹ ደግሞ ድመታችን፣ ውሻችንና ኤሊያችን። ያኔ አምቦ በወረቀት ላይ ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር፤ በእኛ ሰፈር ግን ከመምህሩ አባቴና ከፖስታ ቤቱ ሰዎች በቀር በዚያ ስም የሚጠራት አልነበረም። ቤታችን ከሁሉቃ ወንዝ በላይ ያለች የጭቃ ቤት ናት። ሲመሽ የባሕር ዛፉ ጭራሮ ነዶ ፍም ሲሆን፣ እናቴ የፋኖሱን ብርጭቆ ወልውላ ስትለኩስና ጭሱ ከጣሪያው ሥር ተንሳፍፎ መውጫ ሲፈልግ፣ እኔና ታላቅ ወንድሜ ደረጀ ከአያታችን መደብ ሥር ቁጢጥ ብለን ክሱ እስኪከፈት እንጠብቃለን።

አባባ ሸነን በምትባል የገጠር ከተማ ለረጅም ዘመን አጥቢያ ዳኛ ነበሩ። አርጅተው፣ አያቴም ሞታባቸው ብቻቸውን ሲቀሩ እናቴ አምቦ አምጥታ ከእኛ ጋር አኖረቻቸው። ምግብና መኝታ አልጎደለባቸውም፤ የጎደላቸው የሚካሰስ ሰው ነበር። ጎረቤት ከጎረቤት ቢጣላ የሚሄደው ፖሊስ ጣቢያ ነው እንጂ ወደ እሳቸው ብቅ የሚል የለም። ስለዚህ ተረታቸው ሁሉ ክርክር ሆነ። ጅብ አህያን ይከሳል፣ ጦጣ በሐሰት ትመሰክራለች፣ አንበሳ ይግባኝ ይሰማል። የዱሩ ነገር ሲያልቅባቸው በየማታው እግራቸው ሥር ወደሚተኙት የቤት እንስሳት ዞሩ።

ድመታችን ነጭ ነበረች፤ ስሟ እማሆይ። ስሙን ያወጣላት ደረጀ ነው፤ እናቴ ኃጢአት ነው ብላ ብትቆጣም ስሙ ጸና። እሳት ዳር እግሮቿን አጥፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ስትቀመጥ ዳዊት የምትደግም ትመስላለች። ቁራሽ ሥጋ ቢወረወርላት እንኳ አትሻማም። እስኪያቀርቡላት ትጠብቃለች፤ ከቀረበላትም በኋላ ለሰው ደስ ይበለው ብላ እንጂ ርቧት እንዳልሆነ ሁሉ ቀመስ ታደርገዋለች። የመጣ እንግዳ ሁሉ ጨዋነቷን አድንቆ ይሄዳል።

ኤሊው ከባኮ ቆላ የመጣ ነው፤ ከዚያ በቆሎ የሚያመላልሰው ሾፌር፣ የአባቴ ወዳጅ ጋሽ ታደሰ፣ መንገድ ላይ አግኝቶ አመጣልን። ከውሃው በርሜል ሥር ይኖር ነበር። አንድ የጎመን ቅጠል ለመጨረስ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል፤ ሰው ጮክ ካለ አንገቱን ይሰበስባል። አባባ የችሎቱ ጸሐፊ አድርገው ሾሙት። ሸነን ሳሉ የነበራቸው ጸሐፊም እንዲሁ እንደነበረ፣ ባለጉዳይ ሲቆጣው ጠረጴዛው ሥር ለመግባት ምንም እንደማይቀረው እያነሱ ይስቁ ነበር።

ውሻችን ጉራቻ ይባላል፤ በኦሮምኛ ጥቁር ማለት ነው። ሆዳም ነው፣ ቅልብልብ ነው፣ ጅራቱን ሲቆላ ያስቀመጥነውን ሁሉ ይጥላል፤ ያያትን ዶሮ ያባርራል፣ ከዚያ ምን ሊያደርጋት እንደነበር ይረሳል። ሰው በጣም ይወዳል። አንድ ክፉ ዕድል ግን ነበረበት፤ እሱም ፊቱ ነው። አባቴ የተማሪዎቹን ፈተና ሲያርም ተናዶ ድምፁን ከፍ ቢያደርግ፣ ጉራቻ ጆሮውን ጥሎ ሆዱን ከመሬት ያጣብቅና የዓይኑን ነጭ እያሳየ ሽቅብ ያያል። ተማሪው ሂሳብ የሳተው በእሱ ምክንያት ይመስል ነበር። እኛም በዚህ እንስቅበት ነበር።

የችሎቱ ሥርዓት እንዲህ ነው። አባባ ክሱን በተረት ያሰሙና ተከሳሹን ዋስ ጥራ ይሉታል። እንስሳ ዋስ መጥራት ስለማይችል ከእኔና ከደረጀ አንዳችን ተነስተን መቆም አለብን። ተከሳሹ ነፃ ከወጣ ዋሱ ከአባባ ኪስ ስኳር ይሸለማል፤ ከተፈረደበት ግን ጠዋት አመድ የሚያፍሰው ዋሱ ነው። ለእማሆይ ዋስ ለመሆን እንጋፋለን። ለጉራቻ ዋስ ሆኖ ግን አመድ ያላፈሰ የለም፤ አባባ ሁልጊዜ ይፈርዱበታል። በጣም የሚወዱት ተረት ድመት ቤት ውስጥ፣ ውሻ ደጅ የሚያድሩበትን ምክንያት የሚናገረው ነው። የመጀመሪያው ባለቤት ወተቱን የጠጣው ማን ነው ብሎ ሁለቱን ቢጠይቃቸው፣ ድመት ዓይኗን ጨፍና ጸለየች፣ ውሻ ግን መሬት መሬት አየ። ባለቤቱም ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር ያስፈልጋል ብሎ ውሻን ወደ ደጅ አወጣው። አባባ እዚህ ሲደርሱ ወደ ጉራቻ ይጠቁማሉ፤ ጉራቻም ጣት ሲጠቆምበት መሬት መሬት ያያል። ቤቱ በሳቅ ያልቃል።

እናቴ ቅቤ ትነግድ ነበር። ቅዳሜ ገበያ ከገጠር ሴቶች በኮባ ቅጠል የተጠቀለለውን ቅቤ ትገዛና በትልቅ ቅል እያጠራቀመች ቆጥ ላይ ታስቀምጠዋለች። ያን ዓመት ሁዳዴ ሊፈታ ሲቃረብ ቅሉ እስከ አፉ ሞልቶ ነበር። የፋሲካ ሽያጭ የእኛን ልብስና የአባባን ጋቢ የሚገዛ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከወንዝ ስንመለስ ቅሉ ከቆጡ ወርዶ ወለሉ ላይ ተሰብሯል፤ ጉራቻ አፍንጫው እስከ ዓይኑ ወዝቶ መሬቱን እየላሰ ነው። እናቴ ጮኸች። ጉራቻ ባለበት ተለጥፎ ጆሮውን ጣለ፣ የዓይኑን ነጭ አሳየ፣ ሽንቱም አመለጠው። እማሆይ እሳት ዳር ዓይኗን ጨፍና ተቀምጣለች።

በዚያ ምሽት ችሎቱ የጨዋታ አልነበረም። እናቴ ዓይኗ አብጧል። አባቴም ፈተና ማረሙን ትቶ መጥቶ ተቀመጠ። አባባ ጋቢያቸውን አስተካክለው ዋስህን ጥራ አሉ፤ ድምፃቸው የሸነኑ ዳኛ ድምፅ ነበር። ደረጀ ወደ እኔ አየ፣ እኔም ወደ እሱ። ማናችንም አልተነሳንም። እናቴ በዚያ መጠን አዝና ሳለ ለሌባው ዋስ ሆኖ መቆም የእሷ ጠላት መሆን መሰለኝ። ጉራቻ በሩ ሥር መሬት መሬት እያየ ይንቀጠቀጣል። አባባ ብዙም አልቆዩም፤ ዋስ የታጣለት፣ ፊቱም የመሰከረበት ነው ብለው ከቤት እንዲወጣ ፈረዱ። ጋሽ ታደሰ ባኮ ለሚያውቀው ገበሬ ጠባቂ ውሻ ይፈልግ ስለነበር በማግስቱ ጭኖት ሄደ። ጉራቻ ከመኪናው ላይ ሆኖ ጅራቱን ይቆላ ነበር፤ ሽርሽር የሚወስዱት መስሎታል።

ቤቱ ውስጥ የሚጥል የሚሰብር ባለመኖሩ እናቴ ጥቂት ቀን እፎይ አለች። ችሎቱም ቀጠለ፤ ግን የሚፈረድበት በመጥፋቱ ተረቱ ጣዕም አጣ። በኤሊው ላይ አንድ ሁለት ጊዜ ክስ ተመሠረተ፤ ቃሉን እስኪሰጥ እንቅልፍ ይወስደናል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል እናቴ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ገበያ ሌላ ቅል ሞላች። አንድ ቅዳሜ እሷ ገበያ፣ እኛ ልብስ አጠባ ወንዝ ወርደን ሳለ፣ አባባ ጉንፋን ይዟቸው መደባቸው ላይ ተጋድመው ነበር። ያዩትን በኋላ ነው የነገሩን። እማሆይ ቤቱ ጭር ሲል ዓይኗን ገለጠች፤ ዙሪያዋን አየች፤ ምሰሶውን ቧጥጣ ቆጡ ላይ ወጣች። የቅሉን ክዳን በእግሯ እየገፋች፣ እየገፋች ጣለችው። ስትጠግብ ቅሉን ከቆጡ ጫፍ አድርሳው፣ ትንሽ ሲቀረው ትታው ወረደች፤ እሳት ዳር ሄዳ እግሮቿን አጠፈች። አባባ አልጮሁባትም፤ ከመደባቸውም አልተነሱም። ያ ሁሉ ሲሆን እንደተጋደሙ አይተውታል።

ዝም ማለት ይችሉ ነበር። ያየ ሰው አልነበረም፤ ቅሉም አልተሰበረም፤ እናቴም ብታይ ክዳኑን አይጥ ጣለው ብላ ታልፈው ነበር። በዚያ ምሽት ግን እራት እንኳ ሳይበሉ ችሎት ጠሩ። ሁላችንም ስንሰበሰብ ከመደባቸው ወረዱና ጉራቻ ይቀመጥበት በነበረው በሩ ሥር፣ ባዶ መሬት ላይ ተቀመጡ። አባቴ አዲስ ጨዋታ ያመጡ መስሎት ሳቀ። አባባ አልሳቁም፤ የእማሆይን ነገር አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ። ከዚያ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ።

«ዛሬ ተከሳሹ እኔ ነኝ» አሉ። «ውሻ ቆጥ ላይ እንዴት ይወጣል? ይህን ሕፃን ልጅ ይጠይቀዋል። እኔ አልጠየቅኩም፤ ፊቱን አይቼ ፈረድኩ።»

እናቴ አንገቷን ደፍታ ፍሙን ትቆሰቁሳለች። እሷም አልጠየቀችም፤ አባቴም፣ ደረጀም፣ እኔም። ቆጡ ከራሳችን በላይ ነበር፤ ቀና ብሎ ማየት ብቻ ይበቃ ነበር።

ከዚያም አባባ ከዚያ በፊት ተናግረውት የማያውቁትን የሸነን ነገር አነሱ። በማር ሌብነት የተከሰሰ አንድ ሰው ነበር፤ ከሌላ ሀገር መጥቶ በሰው መሬት ላይ ጎጆ የሠራ መጤ። ዋስ ጥራ ሲባል የሚጠራው አጣ። ፊታቸው ቆሞ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ መሬት መሬት ያያል። ፈረዱበት። ያለውን ከፍሎ፣ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ከሸነን ወጣ። ሰውየው ሰርቆ እንደሆነ ወይም እንዳልሰረቀ አባባ አያውቁም ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ግን የሚያውቁ መስሏቸው ኖረዋል። ይህን ሲናገሩ ፊታቸውን አይቼ ፈራሁ፤ የጉራቻን ፊት ይመስል ነበር።

«ለእኔ ዋስ የሚሆን አለ?» አሉ።

እናቴ ውሻ እኮ ነው አባባ፣ ይነሱ፣ መሬቱ ይበርድዎታል አለች። አባቴ ሊያነሳቸው እጁን ዘረጋ፤ አልተነሱም። ለጉራቻ ሳልነሳ የቀረሁበት ምሽት ትዝ አለኝ። ተነስቼ አጠገባቸው ቆምኩ።

አባባ ቀና ብለው አዩኝ። «እንግዲህ ኢንተላ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ዋስ ተከሳሹን ይዞ መቅረብ አለበት።»

የት ነው የምንቀርበው አልኳቸው። ባኮ አሉኝ።

ደረጀ እማሆይን ካላባረርኩ ብሎ ነበር፤ አባባ ከለከሉት። ድመት ናት፤ የድመት ሥራ ሠራች፤ ደግሞም እሷን የጠየቃት ማን አለ አሉት። እናቴ ሌሊቱን ስትገላበጥ አድራ፣ ስንነሳ ከቅሉ ጥሩ አድርጋ ቅቤ ቆርጣ በኮባ ጠቀለለችና በእጄ አስያዘችኝ።

በጋሽ ታደሰ መኪና ጉደርንና ጌዶን አልፈን ወደ ቆላው ወረድን። መንገዱ ጭቃ ነበር። አባባ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተጓዙ፤ ጋሽ ታደሰ ሊያጫውታቸው ቢሞክር ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ ቅቤው በኮባው ውስጥ እየለሰለሰ ቀሚሴን አወዛው። የገበሬው የኦቦ ፉፋ በቆሎ ከሰው ቁመት በላይ ደርሷል። መሐሉ ላይ ማማ አለ፤ ከማማው ሥር ጉራቻ በገመድ ታስሯል። ከስቷል። አንድ ጆሮው ተሸርክቷል፤ ዝንጀሮ ነው አሉን።

አባባ ገና ከሩቅ ኮቱ ጉራቻ፣ ኮቱ ብለው ጠሩት፤ ና ማለታቸው ነው። ደስ ብሎት የሚዘል መስሎኝ ነበር። ድምፃቸውን ሲሰማ ጆሮውን ጣለ። ያችን የተሸረከተችውንም ጣላት። ሆዱን ከጭቃው አጣብቆ፣ የዓይኑን ነጭ እያሳየ፣ ገመዱ እስከሚያደርሰው ድረስ እየተንፏቀቀ መጣና አገጩን አባባ ጫማ ላይ አኖረ። ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ ነበር።

አባባ ቶሎሳ ጭቃው ላይ ተቀመጡ። ሌላ ጋቢ አልነበራቸውም። የውሻውን ራስ በሁለት እጃቸው ይዘው «ሲ ሚቲ፣ ሲ ሚቲ» ይሉት ጀመር፤ አንተ አይደለህም፣ አንተ አይደለህም ማለታቸው ነው። አያቴ ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ቅቤውን ከነኮባው ዘረጋሁለት። ጉራቻ ግን ያ ሆዳም ውሻ ቅቤውን አየና ፊቱን አዞረ፤ ተንቀጠቀጠም። አባባ በጣታቸው እየቆረሱ እስኪያጎርሱት ድረስ አልቀመሰውም።

ኦቦ ፉፋ ነገሩን ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ተወው። ውሻውን ከነገመዱ ሰጠን፤ የተረፈውን ቅቤ ተቀበል ብንለው ካሣው የሱ አይደለም ብሎ አልወሰደም።

ጉራቻ ቤት ተመለሰ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም ውስጥ፣ ከአባባ መደብ ሥር እንዲያድር ተፈረደለት። ነፃ መውጣቱን ግን ማስረዳት አልተቻለም። እናቴ ድስት ቢያመልጣት፣ አባቴ ቢያስነጥስ፣ ጎረቤት ልጁን ቢቆጣ ጉራቻ መሬት ላይ ይለጠፋል። ቆጥ ላይ የሚቀመጠውን የቅቤ ቅል ካየ ከቤት ይወጣል። አባባ በእያንዳንዱ ጊዜ፣ እራት እየበሉም ቢሆን፣ ጎንበስ ብለው ሲ ሚቲ ይሉታል። አንዳንድ ቀን ብዙ ጊዜ ጎንበስ ማለት ነበረባቸው። ወገባቸውን ያማቸው ነበር፤ ቢሆንም አንድም ጊዜ አላለፉትም። እማሆይ እሳት ዳር ዓይኗን ጨፍና ትቀመጣለች፤ እኛም እንደ በፊቱ እናሻሻታለን፤ እሷን ሳሻሽ ግን የዚያ ቅቤ ወዝ እጄ ላይ የቀረ ይመስለኝ ነበር።

ተረቱም ተለወጠ። የድመትና የውሻው ተረት ዳግመኛ አልተነሳም። ሌሎቹንም ቢሆን አባባ ፍርድ ላይ ሲደርሱ ያቆማሉ፤ ጅቡ በየት በኩል ገባ፣ ጦጣዋ ከዚያ ዛፍ ላይ ሆና ማየት ትችላለች ወይ እያሉ እኛን ይጠይቁናል። ፍርዱን ስንለምናቸው ጊዜ አለን ይላሉ። ደረጀ ተረቱ ተበላሸ ብሎ ይነጫነጭ ነበር። ያኔ እኔም ሳልነግራቸው እንደሱ አስብ ነበር። በገበያ ቀን ከሸነን የሚመጡ ሰዎችን ሁሉ ስለዚያ መጤ ይጠይቁ እንደነበር ያወቅኩት ቆይቶ ነው። አንዱ ወደ ጅማ ሄዷል ይላቸዋል፤ ሌላው ሞቷል፤ ብዙዎቹ ጨርሶ አያስታውሱትም። አባባ ግን በየቅዳሜው ገበያው ዳር ይቀመጡ ነበር።

አያቴ በሌላ ክረምት፣ ጉንፋን ጀምሯቸው ሞቱ። ቤታችን በሰው ተሞላ፤ ለቅሶው ከሁሉቃ ማዶ ይሰማ ነበር። እኔም ከሴቶቹ ጋር ስጮህ ውዬ፣ ድንገት ጉራቻ ትዝ አለኝ። ማንም አላየውም። ባዶው መደብ ሥር ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ ከጥጉ ተለጥፎ፣ ጆሮውን ጥሎ፣ የዓይኑን ነጭ እያሳየ ይንቀጠቀጣል። ያ ሁሉ ሰው የሚጮኸው በእሱ ምክንያት መስሎታል። የሚነግረው ሰው ደግሞ አልነበረም።

በሆዴ ተስቤ ገባሁና ራሱን ያዝኩ። «ሲ ሚቲ» አልኩት። መንቀጥቀጡ እንዲተወው ብዬ ደጋግሜ አልኩት፤ መንቀጥቀጡ ሳይተወው ለቅሶው አለቀ። እስኪሞትም ድረስ ይህ የእኔ ሥራ ሆነ።

ዛሬ እኔም እንደ አባቴ መምህር ነኝ። ክፍል ውስጥ አንድ ነገር ሲጠፋና ልጆቹ ሁሉ ወደ አንዱ ሲዞሩ፣ መጀመሪያ የማየው አሁንም መሬት መሬት የሚያየውን ልጅ ፊት ነው። ይህን ልማድ ከራሴ ማውጣት አልቻልኩም። ከዚያ ቶሎ ብዬ ቆጡን እፈልጋለሁ፤ ዕቃው የት ነበር፣ ማን ሊደርስበት ይችላል ብዬ እጠይቃለሁ። ለጉራቻ የሚገባው ቃል ዘግይቶም ቢሆን ደርሶታል፤ ባያምነውም ሰምቶታል። ያ የሸነን ሰው ግን፣ ሰርቆም ይሁን ሳይሰርቅ፣ እንዴት ነበር ብሎ የሚጠይቀው ሳያገኝ ሚስቱንና ልጁን ይዞ መንገድ ገባ። አያቴ ከመሞታቸው በፊት ከዋስነቴ አላወረዱኝም። ከሸነን የመጣ ሰው ሳገኝ እስካሁን ስለዚያ ሰው እጠይቃለሁ።